ቃል የተገባውን ብቻ ሳይሆን የገባውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ ባለፈው ሰሞን ስለ እርዳታ መቀነስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እንደተደከመበት ያስታውቃል። ግን ውስጡ ያለው ቁጥር ሁሉ "ቃል ተገባ" የሚል ነው። እንትና አገር ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ፣ እንትና ድርጅት ይህን ያህል ቃል ገባ። በእጅ የገባውስ ስንት ነው? ቃል የተገባ ገንዘብና የገባ ገንዘብ ለየቅል ናቸው። እኔ ይሄን ያየሁት በኮሮና ጊዜ፣ አንዲት ጤና ኬላ በር ላይ ቆሜ ነው።

ያኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት የሥርዓተ ምግብ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከጤና ኬላ ጤና ኬላ መዞር ነው። በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች ተመዝግበዋል ወይ፣ ክብደታቸው እየጨመረ ነው ወይ፣ ፕላምፒ ነት አላለቀም ወይ ብዬ አያለሁ።

ፕላምፒ ነትን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳርና ከቪታሚን የተሠራ፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ይመዝናል፣ 500 ካሎሪ አለው። መቀቀል የለ፣ በውሃ መበጥበጥ የለ። ጫፉን ቀደድ አድርጎ ለልጁ ማጉረስ ነው። አንድ ካርቶን ውስጥ 150 ፓኬት አለ። ክፉኛ የከሳ ልጅ ለሁለት ወር ያህል ሲወስድ ቢበዛ አንድ ካርቶን ገደማ ይጨርሳል። አንድ ካርቶን ለአንድ ልጅ በሉት። ሞት አፋፍ ላይ የነበረ ልጅ በዚህ ሲያገግም በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዴ ሁለቴም አይደለም። ፓኬቱን ራሱ ይዞ እየመጠጠ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት እየተቆጣ የሚያለቅስ ልጅ ማየት ደስ ይላል። የሚያለቅስበት ጉልበት አግኝቷላ!

አሁን ወደ ሰኔ 2012 ልውሰዳችሁ።

ዝናቡ ገና እየጀመረ ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ሁለት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጁን ተቀብላ የክንድ መለኪያውን ጠቀለለችበት። መለኪያው በቀለም የተከፈለ ጥብጣብ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ቀይ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። የዚህ ልጅ ክንድ 10.8 ነበር። ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ያየናል። በእኛ ሥራ ዝም የሚል ልጅ ያስፈራል።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ፕላምፒ ነቱ ያለበት መደርደሪያ ጋ ሄዳ ቆጠረች። 11 ፓኬት ቀርቷታል። አንድ ካርቶን ይገባው የነበረ ልጅ 11 ፓኬት ተሰጠው። መዝገቡ ላይ ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያች ክፍል ጥግ ላይ ግን እስከ መስኮቱ ድረስ የተደረደረ ካርቶን አለ። እናትየዋ አየት አደረገችና፣ "እታለም፣ ያስ? ለእሱ የሚሆን የለበትም?" አለቻት።

"እሱ የእጅ ማጽጃ ነው እቴ፣ ሳኒታይዘር።"

"አይበላም?"

"አይበላም።"

"እንግዲህ አላህ ያውቃል" ብላ ልጇን መልሳ አዘለች።

ይሄን የምጽፈው ሳኒታይዘር አያስፈልግም ነበር ለማለት አይደለም። ያስፈልግ ነበር። የጤና ባለሙያ ያለ ማስክና ያለ እጅ ማጽጃ ሥራ ግባ ሊባል አይችልም፣ የምወዳቸው የሥራ ባልደረቦቼም በበሽታው አልፈዋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሳኒታይዘሩ እስከ መስኮቱ ሲደርስ ፕላምፒው ለምን 11 ፓኬት ቀረ?

በወቅቱ አንድ ስብሰባ ላይ ይሄንኑ ጠየቅሁ። ለኮሮና የመጣው ገንዘብ ገና ብዙ ተርፏል፣ ከእሱ ላይ ትንሽ ወስደን አልሚ ምግብ አንገዛበትም ወይ? መልሱ አጭር ነበር፦ የለጋሹ ስምምነት አይፈቅድም። ገንዘቡ "ለኮሮና" ተብሎ ነው የመጣው፣ በጀቱ ላይ የተጻፈው ማስክ፣ ሳኒታይዘር፣ ፖስተርና ሥልጠና ነው። ለማዞር ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ለጋሹ አገር ደብዳቤ መላክ አለበት። ሦስት ወር ይፈጃል ተባለ። ይሄን የነገረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። ፊርማው ያለው ሌላ ሰው እጅ፣ ሌላ አህጉር ላይ ነው።

ለካ ገንዘብ ሲመጣ እግሩ ታስሮ ነው የሚመጣው። የታሰረ ገንዘብ የሚባለው ይሄ ነው፤ ለዚህ ዕቃ፣ ለዚህ ቦታ፣ እስከዚህ ወር ተብሎ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የሆነውን ዩኒሴፍን ውሰዱ። ከተባበሩት መንግሥታት መደበኛ በጀት አንድ ሳንቲም አያገኝም፣ የሚኖረው መንግሥታትና ግለሰቦች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው። ከዚያም ውስጥ ያልታሰረው፣ ማለትም ችግር ባለበት በነፃነት ሊያውለው የሚችለው፣ ከሩብ በታች ነው። ኮሮና ሕፃናትን ብዙም አይጥልም ተባለ፣ እውነትም ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በሽታውን ተከትሎ ሄደ። ልጆቹን የጎዳው ግን በሽታው ራሱ ሳይሆን በሽታው የዘጋው በር ነው።

የተዘጋው በር ደግሞ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ እዚህ አገር የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ገባ። ተማሪ ቤት ገባ ማለት ምሳውም ቀረ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ የጀመረው የተማሪዎች ምገባ ገና ዓመት ሳይሞላው ነበር የተቋረጠው። በዓለም ደረጃ በዚያ ወቅት የትምህርት ቤት ምግብ የቀረባቸው ልጆች ወደ 370 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ቀኑን ሙሉ ያችን አንዲት ምሳ የሚጠብቅ ልጅ ያላት እናት ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። ቤት የዋሉ ሴት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ በምዞርባቸው ቀበሌዎች ትምህርት ሲከፈት ሳይመለሱ የቀሩ፣ ተድረው የሄዱ አሉ።

ጤና ተቋሙም እንደዚያው። እናቶች ሄጄ በሽታ ይዤ እመለሳለሁ ብለው ፈሩ። ሚኒባሱ በግማሽ ነው የሚጭነው፣ ታሪፉ ጨምሯል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሐምሌ 2012 የወጣ ጥናት፣ በዚያ በፈረንጆቹ 2020 ብቻ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ተጨማሪ 6.7 ሚሊዮን ሕፃናት ሊከሱ ይችላሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። በዚያው ሰሞን አራት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በአንድ ድምፅ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ለሕፃናት ምግብና ሕክምና ስጡን አሉ። ማስጠንቀቂያው በጊዜው ተነግሯል። አላወቅንም ነበር የሚል ካለ አልቀበለውም።

ገንዘብ አልነበረም የሚለውንም አልቀበልም። መጋቢት 16 ቀን 2012 የተባበሩት መንግሥታት በኮሮና ምክንያት ለሚጎዱ ደሃ አገሮች 2 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። በማግስቱ የቡድን 20 አገሮች መሪዎች በቪዲዮ ተሰብስበው ለኢኮኖሚያቸው ከ5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እያፈሰሱ እንደሆነ አሳወቁ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ዜሮዎቹን ቁጠሩ። እኔ ጽፌ ቆጥሬያለሁ። ያ የ2 ቢሊዮን ጥያቄ በሐምሌ ከ10 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ የገባው 40 በመቶ ገደማ ነው።

ፍጥነትስ? እሱም ይቻላል። ጃክ ማ የተባለው ቻይናዊ ባለሀብት ለአፍሪካ ማስክና መመርመሪያ እሰጣለሁ ያለው መጋቢት 7 ነው። መጋቢት 13 ቀን ዕቃው ቦሌ አረፈ። 5.4 ሚሊዮን ማስክና ከ1 ሚሊዮን በላይ መመርመሪያ፣ በስድስት ቀን! አየር መንገዳችን ደግሞ እየጫነ ለየአገሩ አደረሰው። ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ደረቴ ተነፍቶ ነበር። በኋላ ግን እያደር ሲያስበው ሰው ይናደዳል። ማስክ ከቻይና በስድስት ቀን ከመጣ፣ ፕላምፒ ነት ደቡብ ወሎ ለመድረስ ለምን መንፈቅ ይፈጃል? ፕላምፒ ነት እኮ እዚሁ አገር ውስጥ ይመረታል። ሂሊና የሚባለው ፋብሪካችን ከኮሮና በፊትም ለዓመታት ሲያመርት የኖረ ነው። የራቀው ፋብሪካው አይደለም፣ ትዕዛዙና ክፍያው ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ካልገባ ትዕዛዝ አይሰጥም፣ ትዕዛዝ ካልተሰጠ የወተት ዱቄቱና ቪታሚኑ አይገዛም፣ ይሄ ሁሉ ሰንሰለት ተጎትቶ እስኪመጣ የልጁ ክንድ ቆሞ አይጠብቅም።

የእኛ ሰው ስለ ቃል ሲናገር "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላል። ከባድ አነጋገር ነው፣ ልጅ ስወልድ ጊዜ ደግሞ የበለጠ ከበደኝ። ቃል ማጠፍ ልጅ ከማጣት ይብሳል ማለታቸው ነው አባቶቻችን። በኮሮና ጊዜ ያየሁት ግን ቃሉም ሲታጠፍ፣ በታጠፈው ቃል ምክንያት የተወለዱትም ሲጠፉ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ኅዳር 2013 ላይ ዩኒሴፍ ለቀጣዩ የፈረንጆች ዓመት 6.4 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ጠይቆ አያውቅም። በዚያው ወር፣ ኅዳር 16 ቀን፣ እንግሊዝ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶውን ለእርዳታ እሰጣለሁ ብላ በሕግ ያጸደቀችውን ወደ 0.5 በመቶ እንደምታወርደው አስታወቀች። በቀጣዩ ዓመት ለዩኒሴፍ የምትሰጠውን ያንኑ ያልታሰረውን ገንዘብ በ60 በመቶ ቆረጠች። የራሷም ሰው ተጎድቷል፣ ኢኮኖሚዋም ወድቋል፣ ይገባኛል። ግን ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የልጅ ድርሻ ከሆነ፣ የዚያ ቤት አያያዝ ልክ አይደለም። እኛ አገር ድርቅ ሲገባ እናት ራሷ ጦሟን አድራ ለልጇ ነው የምታጎርሰው።

ሁሉም መጥፎ ነበር አልልም። በጣም የምኮራበት ነገር አለ። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻው በሚያዝያ ሊሆን ታቅዶ በኮሮና ምክንያት ተገፋ። ሆኖም አልተሰረዘም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ 2012፣ ክትባት ሰጪው ማስክ አድርጎ፣ እናቶች ተራርቀው ተሰልፈው፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን ለመድረስ ተሠራ። በዚያ ጊዜ ብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ዘመቻ አቁመው ነበር። እኛ ጋ ለምን ተቻለ? ክትባቱ ቀድሞ ተገዝቶ ስለነበር፣ ገንዘቡም "ይሄ ለኮሮና ይሁን" ተብሎ ስላልተነካ ነው። የቀበሌያችን ወጣቶች በዝናብ ውስጥ የክትባት ሳጥን ተሸክመው ወንዝ ሲሻገሩ አብሬያቸው ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራም ጻፉልን።

ሌላው የአገር ውስጥ ድርጅቶች ጉዳይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ተሰብስበው፣ እስከ 2020 ከእርዳታው ሩቡ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገሬው ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። 2020 መጣ፣ ኮሮናም መጣ። የውጭ ባለሙያዎች ወደየአገራቸው ሄዱ፣ ቀሪው በቪዲዮ ስብሰባ ሆነ። መሬት ላይ የቀረው ሐበሻው ነው፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ዕድሩ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ሰው። ለእነዚህ በቀጥታ የደረሰው ግን ከ5 በመቶ በታች ነው። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሰው ማዕድ ሲያጋራ፣ የቤት ኪራይ ሲምር ታስታውሳላችሁ። ስምምነት አልፈረመም፣ ሎጎ አልለጠፈም። ጎረቤቱ እንደራበው አይቶ ሰጠ።

ይሄን ሁሉ ዛሬ ለምን ታነሳለህ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ኮሮናማ አለፈ። እኔ ካለሁበት ወሎ በኮሮናው ላይ ጦርነት ተጨምሮበት ስንቱን አየን። ግን ያ አሠራር አላለፈም። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለ90 ቀን አቆምኩ ስትል፣ እኔ መጀመሪያ የታየኝ ያ መደርደሪያና 11 ፓኬት ነው። በአንድ አገር አንድ ፊርማ የአንድ ጤና ኬላ መደርደሪያ ባዶ የሚሆን ከሆነ፣ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ያው ነው የሚደገመው። ሌላ ወረርሽኝ ደግሞ አይመጣም ብሎ ማንም ሊምል አይችልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። አንድ አገር ወይም ድርጅት ለሕፃናት ገንዘብ ሰጠሁ ሲል ዜናውን ሥሩ፣ አይቅር። ግን በሦስተኛው ወር ደውሉና ስንት ገባ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ያንኑ ያህል ቦታ ሰጥታችሁ አውጡት። ገንዘቡ ታስሯል ወይስ አልታሰረም ብላችሁ ጠይቁ። ችግሩ ሲቀየር ወረዳው ራሱ ማዞር ይችላል? የእኛንም መንግሥት ጠይቁ፤ ለአልሚ ምግብ ከራሳችን በጀት በየዓመቱ ምን ያህል ይመደባል? ለሁሉም ነገር ፈረንጅ እስኪልክ መጠበቅ የለብንም፤ ይሄን የምለው ለጋሾችን ለማንቋሸሽ አይደለም፣ የእነሱ ፕላምፒ ያዳናቸውን ልጆች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችንም፣ ግብር የምትከፍሉባቸው አገሮች ውስጥ ድምፅ ያላችሁ ናችሁ። የመረጣችሁት ሰው ስልክ አለው፣ ኢሜይል አለው። እርዳታ ሲቆረጥ ዝም አትበሉ።

ስለዚያ ልጅ ሳልነግራችሁ ላልጨርስ። በስምንተኛው ቀን እናቱ ተመልሳ መጣች፣ ፕላምፒው አልመጣም። ወደ ጤና ጣቢያ ተጽፎላት ነበር፣ የመኪና ገንዘብ ስላልነበራት አልሄደችም። ካርቶኑ የደረሰን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗና እኔ አንዱን ካርቶን እየተቀባበልን ተሸክመን ቤታቸው ድረስ ሄድን። በመንገድ ላይ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስንደርስ ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ክንዱን ለካችው፣ 11.7። ገና ነው፣ ግን ከቀዩ ወጥቷል። ምን ሰጠሽው ብላ ጠየቀቻት። ከታች ያለችው ጎረቤታቸው፣ ራሷም አምስት ልጅ ያላት ሴት፣ ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የአንዲት ፍየሏን ወተት በጣሳ ስታመጣለት ነው የከረመችው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሥርዓተ ምግብ ተቆጣጣሪ
ከደሴ